ቀለህ፣ ጠርሙስና እርሳስ፦ የተኩስ ሜዳ ጽዳት የሥራ ማስታወሻ

እሑድ፣ ቅኝት

ሜዳው ከሩቅ ሲታይ አያስደነግጥም። ሰፊ የሣር መሬት ነው፤ በወዲህኛው ጫፍ ተኳሾች የሚቆሙበት የተደላደለ መስመር፣ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ጥይት እንዲያቆም የተቆለለ የአፈር ክምር አለ። ገመናው የሚገለጠው ቀረብ ሲሉ ነው። ከመስመሩ በስተቀኝ ያለው መሬት በቀለህ ተሸፍኗል። አብዛኛው ጠመንጃና ሽጉጥ ባዶውን ቀለህ ወደ ቀኝ ስለሚወረውር ክምችቱ ከተኳሹ ቀኝ፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ወደ ፊት ሲራመዱ የቆሻሻው ዓይነት ይለወጣል፤ የወረቀትና የካርቶን ዒላማ ቅዳጅ፣ ከዚያ የጠርሙስ ስባሪ፣ የተበሳሳ ጣሳ፣ ከዚያም አሮጌ ቴሌቪዥንና የማቀዝቀዣ በር። ከቤት ውስጥ ያረጀ ዕቃ ሁሉ እዚህ ሞት የተፈረደበት ይመስላል።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሜዳውን በአራት ቀበቶ ከፈልኩት፦ የቀለህ ቀበቶ፣ የጠርሙስ ቀበቶ፣ ወደ አየር ተወርውሮ የሚተኮስበት የሸክላ ዒላማ የሚበተንበት የጎን ሜዳ፣ የአፈር ክምሩ። አከፋፈሉ ለሥዕል ማማር አይደለም። እያንዳንዱ ቀበቶ የሚጎዳበት መንገድ የተለየ ነው፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይመርዛል፣ አንዱ ሊፈነዳ ይችላል። «ኑ እናጽዳ» ብሎ ሁሉንም ሰው በአንድ ሜዳ ላይ መልቀቅ ደግሞ ሦስቱንም ማቀላቀል ነው።

በሜዳው ዳር ያሉት ዛፎች ለብቻቸው መስመር ይገባቸዋል። ተኳሾች ወረቀት ሲቸነክሩባቸው ኖረዋል፤ ግንዳቸው በሚስማር የተሞላ ነው። ሁለቱ ላይ ጥይት ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦታል። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ ማውረድ ስለማይችል ቀስ በቀስ ይደርቃል። የደረቀው ቅርንጫፍ አሁን ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንጋጦ ቆሟል። ከሥሩ ማንም እንዳይሠራ በገመድ እናጥረዋለን፤ ሚስማሩን መንቀልም የጽዳቱ ቀን ሥራ አይሆንም።

ወደ አፈር ክምሩ ተጠግቼ አንዲት ጥይት በእንጨት ጫፍ ገለበጥኩ። አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ጠፍጥፏል፣ የመዳብ ልባሷ ተቀዶ ወደ ኋላ ተገልብጧል፤ በውስጧ ያለው እርሳስ ደግሞ ግራጫ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ለብሷል። ያ ቅርፊት እርሳሱ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ካርቦኔት ነው። አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ ቅርፊቱ እንደ መከላከያ ሆኖ እርሳሱን ይይዘዋል፤ አፈሩ ሲጎመዝዝ ግን ይሟሟና ከውኃ ጋር ይጓዛል። ከክምሩ ሥር የሚጀምር የጎርፍ ቦይ ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው። ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ረቡዕ፣ ፈቃድ

የመሬቱን ባለቤት አነጋገርኩ። የጽዳቱን ሐሳብ ወደዱት፤ ግን ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ቆሻሻው ወዴት ይሄዳል? በጽዳቱ ቀን ማንም እንዳይተኩስ የሚያረጋግጠው ማን ነው? ሦስቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን በወረቀት አድርገን ተፈራረምን። የቃል ፈቃድ ለሻይ ግብዣ ይበቃል፤ ስለታማ ብርጭቆና ባሩድ ላለበት መሬት ግን አይበቃም።

ወደ ሜዳው የሚያስገቡት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመኪና፣ ሌላው በስተጀርባ የእግር። የተለመዱት ተኳሾች የሚመጡት በመኪናው መንገድ ነው፤ የሚያሳስበኝ ግን የእግሩ ነው። በሁለቱም ላይ ቀይ ባንዲራ፣ ማስታወቂያና ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ይቆማል።

ዓርብ፣ ፖሊስ ጣቢያ

ሜዳ ላይ ያልተተኮሰ ጥይት እንደምናገኝ አልጠራጠርም። ሰው ጥይቱ ሲከሽፍበት ይመዝዘውና እዚያው ይጥለዋል። ስለዚህ ጥይቱ ከመገኘቱ በፊት ማን እንደሚረከበን ማወቅ ነበረብኝ። ጣቢያው የተስማማበት አሠራር ቀላል ነው፦ በጎ ፈቃደኛ አይነካውም፤ ትንሽ ባንዲራ ይተክልበታል፤ የተመደበው ሰው ብቻ ያነሳዋል፤ በቀኑ መጨረሻ እነርሱ መጥተው ይወስዱታል። ከተራ የጠመንጃ ጥይት የተለየ ማንኛውም ነገር ከተገኘ፣ ማለትም ከጣት የወፈረ፣ ክንፍ ወይም ቀለበት ያለው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ከሆነ፣ ሥራው ይቆማል፤ ሰው ሁሉ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ስልክ ይደወላል።

ጥይቱን ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ብንነክረው ይመክናል ያለኝ ሰው ነበር። አይታመንም። ዘመናዊ ጥይት እርጥበት እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ተነክሮ ሰንብቶ ሲደርቅ የሚተኮስ ሞልቷል።

ማክሰኞ ምሽት፣ ክርክር

የአስተባባሪዎች ስብሰባ ረዘመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ የአፈር ክምሩን ቆፍረን፣ በወንፊት ነፍተን፣ እርሳሱን ሸጠን ወጪያችንን እንሸፍን አለ። ሒሳቡን ሠርቶ መጥቷል፤ ሐሳቡም ሞኝነት አልነበረም። እርሳስ ይሸጣል፤ እንደገና ይቀልጣል፤ የሚቀልጠውም በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ምድጃ ላይ ሊቀልጥ የሚችል ብረት ማለት ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በቀላሉ የሚቀልጥና በቀላሉ የሚደቅቅ ነገር በቀላሉ አቧራ ይሆናል።

ክርክሩን የቋጨው ዋጋ ሳይሆን የጤናው ጉዳይ ነው። እርሳስ በጓንት ውስጥ ባለ ጤናማ ቆዳ በኩል ብዙም አይገባም፤ የሚገባው በአፍና በሳንባ ነው። ደረቅ የክምር አፈር በወንፊት መንፋት ማለት ያንን አቧራ ፊት ላይ ማንሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕፃናት የሚያየውን የደም እርሳስ መለኪያ ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ዝቅ አድርጎታል። ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለስ በጎ ፈቃደኛ ጫማው ላይ ምን ይዞ እንደሚገባ ሳላውቅ ክምሩን አላስቆፍርም አልኩ።

የቀድሞ ወታደር የሆኑ አንድ አዛውንት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ክምሩ የተሠራው ጥይት እንዲይዝ ነው፤ እየያዘ ነው። እስከሚመጣለት ሰው ድረስ ይያዝልን» አሉ። ተወሰነ። ክምሩ ላይ ማንም አይወጣም፤ ከሥሩ ካለው ሣር ላይ ግልጽ ቆሻሻ ብቻ ይለቀማል። እርሳሱን ማውጣት መሣሪያውና ሥልጠናው ላላቸው ባለሙያዎች ይቀራል፤ እኛ የምናደርገው ባለቤቱ ያንን ጥሪ እንዲያደርጉ መገፋፋት ነው።

እንደኔ እንደኔ የዚህ ሁሉ ዝግጅት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ምን እንደሚነሳ ማወቅ ቀላል ነው፣ የጠርሙስ ስባሪ ማንም ያነሳዋል። የአስተባባሪው ሥራ ምን እንደማይነካ ወስኖ በውሳኔው መጽናት ነው።

ሐሙስ፣ የጥሪው ጽሑፍ

ለሰው የምንልከውን ጥሪ ስጽፍ ሦስት ጊዜ የቀነስኩት የማባበያውን ክፍል ነው። የቀረው ይህ ነው፦ ዕድሜ ከ18 በላይ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት በምዝገባ ጠረጴዛው እንጂ በሜዳው አትሠራም። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሲወጡ የሚቀየር ሁለተኛ ልብስና ጫማ በላስቲክ። የቴታነስ ክትባት ያለፈበት ሰው አስቀድሞ ይከተብ። ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይዞ መምጣት በፍጹም ክልክል ነው፤ መኪና ውስጥም ቢሆን።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንዳንዱን ያስኮርፋል። ያኩርፍ። ሃምሳ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚለቅምበት ሜዳ ላይ «ባዶ ነው» የሚባል መሣሪያ አይኖርም።

ቅዳሜ፣ የዕቃ ዝግጅት

ጆንያዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሆን ብለን ነው። የእርሳስ እፍጋት ከውኃ 11 እጥፍ ይበልጣል፤ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በጥይት ቢሞላ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ተቀንሶም ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መያዣው ይነቀላል፣ ወይም የተሸካሚው ወገብ። ቀለህ የሚሠራበት ናስም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለቀለህ የሚሰጠው ባልዲ ሩብ ላይ በቀለም ተሠምሮበታል፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል።

ጓንት ሁለት ዓይነት ነው፤ ለጠርሙስ ቀበቶ የማይቆረጥ ወፍራም፣ ለቀለህ ቀበቶ ጣትን እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ቀጭን። ባለጥርስ መቧጠጫ፣ የእሳት መቆንጠጫ የመሰሉ ረጃጅም መያዣዎች፣ ጎማ ላይ የሚገፋ ማግኔት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ለሁሉም፣ ኤን 95 ጭምብል ለጎን ሜዳው ቡድን። የሚረጭ ውኃ በርሜል። የመታጠቢያ ውኃ፣ ሳሙና፣ የወረቀት ፎጣ። ቅጠል የሚያባርረውን የአየር መንፊያ ማሽን ላውስ ያለውን ሰው አመስግኜ መለስኩት፤ ለዚህ መሬት ከዚያ የከፋ መሣሪያ የለም። መጥረጊያም አላመጣንም። ደረቅ አፈር አይጠረግም፤ ይረጥባል፣ ከዚያ ይለቀማል።

አየሩን አየሁ። ሌሊቱን ጥቂት ዝናብ ይጥላል፣ ጠዋት ነፋስ አይኖርም ተብሏል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ አየር አይገኝም፤ አቧራው ይተኛል፣ መሬቱም ጭቃ አይሆንም።

እሑድ፣ የሥራው ቀን

ጠዋት። ባንዲራዎቹ ተሰቀሉ፤ ዘቦቹ ቦታቸውን ያዙ። የመክፈቻ ማብራሪያውን አጭር አደረግሁት፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው የሚይዘው ጥቂት ነገር ብቻ ነውና። እጅን ወደ አፍ አለማስጠጋት፤ ሜዳው ላይ አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ አለማጨስ። ጥይት ካያችሁ ባንዲራ። የማታውቁት ነገር ካያችሁ ፉጨት። ከዚያ የናሙና ሣጥኑን አዞርኩ። ባዶ ቀለህ፣ በአዳኝ ጠመንጃ የተተኮሰ የፕላስቲክ ቀለህ፣ ያልተተኮሰ የማስመሰያ ጥይት። ሰው በዓይኑ ካየው አይረሳውም።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለጠርሙስና ለቀለህ ሰጠነው፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች። ፊትን ወደ ፀሐይ አድርገው ሲራመዱ ብርጭቆውም ናሱም ያብለጨልጫል፤ ፀሐይ ጀርባ ላይ ስትሆን ግን ያው መሬት ንጹሕ ይመስላል። ሰዎቹ በክንድ ርቀት ተሰልፈው ከተኩስ መስመሩ ወደ ፊት ቀስ ብለው ተንቀሳቀሱ። ፈጣኑ ሰው ያስቸግራል። ቀድሞ ሲሄድ ሰልፉ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ያልታየ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ቀዥቃዣዎች ከሰልፉ አውጥቼ ጆንያ ተሸካሚ አደረግኋቸው፤ ደስ ብሏቸው ሮጡ።

ጣሳ አንሱ ሲባል የሚያነሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እጁን ጣሳው ሆድ ላይ ጥሎ ጥፍንግ። ጥይት ጣሳ ውስጥ ሲገባ የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሲወጣ ግን ቆርቆሮው ወደ ውጭ ተቀዶ ምላጭ ይሆናል። ስለዚህ ጣሳ በረጅሙ መያዣ ነው የሚነሳ፤ መያዣ ያላገኘ በአፉ ጠርዝ በኩል፣ ከመውጫው ጎን ርቆ።

ቴሌቪዥኑን ለብቻ አነሳነው። አሮጌው ዓይነት፣ ጀርባው ሾጣጣ የሆነው ነው። የሾጣጣው መስታወት ራሱ እርሳስ አለበት፤ ስለዚህ ስባሪውን ከጠርሙስ ስባሪ ጋር አልቀላቀልነውም፤ ክዳን ባለው በርሜል ገብቶ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይሄዳል። ከማቀዝቀዣው በር ሥር አንድ የጋዝ ሲሊንደር ወጣ፤ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ የሌለው ሲሊንደር ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ሲጠብቁት የነበረ ዒላማ የሳቱት ይመስላል። አጠርነው፤ አልነካነውም።

ረፋድ። የመጀመሪያው የባንዲራ ጥሪ የመጣው ከቀለህ ቀበቶ ነው። አንድ ወጣት ቁልቁል እያየ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ዝጋለች፤ ምንም የምትሆን አይመስለኝም» ይላል። አዛውንቱ ተንበርክከው ሳይነኳት አዩአት። ናሷ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። እርሳሷ ቀለሁ አፍ ላይ እንደተቀመጠች ናት። በቀለሁ መቀመጫ መሃል ባለችው ክብ ማቀጣጠያ ላይ ደግሞ የመምቻው ምልክት፣ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለ። «ተመትታለች፤ አልተነሳችም። ያልተነሳችበትን ምክንያት አንተም እኔም አናውቀውም፤ ስለዚህ ዛሬም ልትነሳ ትችላለች ብለህ ያዝ፣ ልጄ» አሉት። ወጣቱ ከዚያ በኋላ በየደቂቃው ባንዲራ ይተክል ጀመር፤ አብዛኛው ባዶ ቀለህ ቢሆንም ማንም አልሳቀበትም።

ነገሩን ለሚጠይቅ ሁሉ የምናስረዳው እንዲህ ነው። ከጠመንጃ ውጭ ያለ ጥይት ቢነሳ የሚያስወነጭፈው በርሜል ስለሌለው እርሳሱ ሩቅ አይሄድም፤ የሚፈነዳው ቀለሁ ነው፤ የቀለሁ ፍንጣሪ ግን ዓይን ለማጥፋት ይበቃል። መነጽሩ ስለዚህ ነው።

በትንሿ የ0.22 ኢንች ጥይት ላይ ደግሞ ምልክቱ መሃል ላይ አይፈለግም። የእርስዋ ማቀጣጠያ በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ስለሆነ መምቻው የሚነክሳት ከዳር ነው። የአዳኝ ጠመንጃ ቀለህ ከተተኮሰ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ ያልተተኮሰው አፉ በኮከብ ቅርጽ ታጥፎ ተዘግቷል። ሁሉንም የሚያሳስተው የድምፅ ጥይት ነው። አፍንጫ ስለሌለው ባዶ ቀለህ ይመስላል፤ ጫፉ ተቆንጥጦ ከተዘጋ ግን ባሩዱ ውስጡ አለ።

ቀትር። እረፍት። ይህን ክፍል እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ ጠብቄዋለሁ፤ ማንም ሰው በመታጠቢያው በኩል ሳያልፍ ወደ ጥላው አይገባም። ጓንት መጀመሪያ ይወልቃል፣ ከዚያ እጅ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እስከ ክንድ፣ ከዚያ ፊት። በፎጣ ማበስ ብቻ አቧራውን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው። የሚጠጣው ውኃና ምግቡ ከመታጠቢያው ወዲያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተቀምጧል።

ከሰዓት። የጎን ሜዳው ከሁሉም አሰልቺ ሆነ። የሸክላ ዒላማ ይባላል እንጂ ሸክላ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ተጋግሮ የተሠራ ነው። የውድድሩ ዓይነት 110 ሚሊሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት አለው፤ ሲመታ እንዲበታተን ታስቦ ነው የተሠራ፤ ይበታተናልም። ማጣበቂያው ካንሰር የሚያመጡ ውሁዶችን ሊይዝ ይችላል። አሮጌ ዒላማ በወደቀበት መሬት የተለቀቁ አሳማዎች ስባሪውን በልተው መመረዛቸው በእንስሳት ሕክምና ተመዝግቧል። ስለዚህ ትልልቁን ስባሪ በመቧጠጫ ሰበሰብን፤ ጥፍር የማያህለውን ተውነው። ደቂቁን ለመልቀም አፈሩን መቧጠጥ ይጠይቃል፤ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ከአዳኝ ጠመንጃ የሚበተኑት ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎች አሉ።

24 ግራም እርሳስ የተጫነበት አንድ የአዳኝ ጠመንጃ ጥይት ከነዚህ ፍሬዎች ወደ 300 የሚጠጋ ይይዛል፤ በሰማይ ተበትነው ሁለት መቶ ሜትር ድረስ ይወድቃሉ። ወፎች ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፤ ፍሬውን ከጠጠር አይለዩትም። አሜሪካ የውኃ ወፍ አደን በእርሳስ ፍሬ እንዳይካሄድ በመላ አገሪቱ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በረግረጋማ ቦታዎችና በአካባቢያቸው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ከልክሏል። በኛ ሜዳ ታች በኩል ያለው ውኃ የሚቋተው ከዝናብ በኋላ ብቻ ነው፤ ወፎቹ ግን ይህን ልዩነት አይቆጥሩም።

ማምሻ። የማለያው ጠረጴዛ። ቀኑን ሙሉ የተለቀመው ቀለህ ነጭ ሸራ ላይ በስሱ ተዘረገፈ። መጀመሪያ ማግኔት፤ ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ገደማ ስለሆነ አይሳብም፣ የብረት ቀለህ ግን ዘሎ ይጣበቃል። ማግኔቱ ላይ መታመን አይገባም፤ አንዳንድ ጥይት ከመዳብ ቀለሙ ሥር የብረት ልባስ ስላለው ከነሕይወቱ ተስቦ ከብረት ቀለህ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ሁለቱም ክምር፣ የተሳበውም ያልተሳበውም፣ በሁለት ሰው ዓይን ያልፋል፤ አንዱ አይቶ ሲጨርስ ሌላው የመጀመሪያውን ሳያምን እንደገና ያያል። የዘጠኝ ሚሊሜትር ቀለህ 4 ግራም፣ የ5.56 ሚሊሜትሩ 6 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ማለት ከመቶ ሃምሳ የሚበልጥ ቀለህ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ማየት ዓይን ያደክማል። አድካሚ ነው ብዬ ግን አላሳጠርኩትም። ብረታ ብረት ገዢው ይህን ክምር ወደ ማቅለጫ ነው የሚልከው፤ ከመካከሉ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ቢገባ እዚያ ምድጃ ፊት የሚቆመው የማናውቀው ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ዓይን ሁለት ጥይት አገኘ፤ አንደኛው ዓይን ያለፋቸው። አንዷ የድምፅ ጥይት ነበረች።

ፖሊሶቹ መጥተው ሣጥኑን ተረከቡ፤ የጋዝ ሲሊንደሩንም አሳየናቸው። ሰው ልብሱን ቀየረ፤ የሥራ ልብሱን በላስቲክ አስሮ ወሰደ። ከሌላ ልብስ ጋር እንዳያጥቡት፣ ጫማውም ደጅ እንዲቀር፣ በበሩ ላይ እያንዳንዱን ለየብቻ ነግሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። ግድ የለም፤ ሰምተውኛል።

ሰኞ፣ ርክክብ

የከበደው ናስ ነው፤ ብዙ ቦታ የያዘው ፕላስቲክ ነው። የአዳኝ ጠመንጃ ቀለህ ፕላስቲክና ብረት ተጣብቀው የተሠሩ ስለሆኑ መልሶ መጠቀሚያው አይቀበላቸውም፤ ወደ ተራ ቆሻሻ ሄዱ። ጠርሙሱም እንዲሁ፤ በአፈር የተለወሰና በእርሳስ የተነካካ ብርጭቆ ማንም አይገዛም። ናሱን ገዢው ሲረከብ እርሱም በተራው እጁን አስገብቶ አገላበጠው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ የሚፈትሽ ገዢ ሥራውን የሚያውቅ ገዢ ነው። ገንዘቡ የመኪና ኪራዩንና የጓንቱን ሸፈነ፤ ትርፍ አልነበረውም።

ሐሙስ፣ ከባለቤቱ ጋር

ወደ ሜዳው አብረን ሄድን። ንጹሑን ሣር አይተው ተደሰቱ፤ እኔ ግን ወደ አፈር ክምሩና ወደ ጎርፍ ቦዩ ወሰድኳቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለክፍት ተኩስ ሜዳዎች ያወጣው መመሪያ አለ፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ በ2005 ተሻሽሏል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8.5 ቢሆን እርሳሱ ብዙም እንደማይንቀሳቀስ፣ አሲዳማ ከሆነ ኖራ መጨመር እንደሚቻል፣ የጎርፉን ፍጥነት መቀነስና ሣር ማልበስ እንደሚጠቅም፣ በየጊዜው ደግሞ እርሳሱን በባለሙያ ማስወጣት እንደሚገባ ያብራራል። ይህን በአንድ ገጽ አሳጥሬ ሰጠኋቸው።

«ይህን ሁሉ ካጸዳችሁ በኋላ ገና ነው ትለኛለህ?» አሉኝ። አዎን አልኩ። የተለቀመው ለዓይን የሚታየው ነው።

ተስማማን። አፈሩን የሚመረምር ባለሙያ ይጠራሉ፤ ናሙናው ከክምሩ፣ ከቦዩና ከጎን ሜዳው ይወሰዳል። ቦዩን ከክምሩ ዞር የሚያደርግ ትንሽ መከተሪያ እርሳቸው ያሠራሉ፤ የጎን መከላከያ ሣሩን እኛ እንተክላለን፤ ይህ በጎ ፈቃደኛ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

የቆሻሻ በርሜል በሜዳው ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ የሚለው ላይ አልተግባባንም። እርሳቸው ይቀመጥ ይላሉ። በኔ በኩል፣ ማንም የማያነሳው በርሜል ሳምንት ሳይሞላው ዒላማ ይሆናል። መሃል መንገድ አገኘን፦ በርሜል የለም፤ በተኩስ መስመሩ ላይ የቀለህ መያዣ ባልዲ ብቻ ይኖራል፣ ክዳን ያለው፤ ማስታወቂያው ላይ የሚፈቀዱት ዒላማዎች ይዘረዘራሉ፦ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የብረት ዒላማ። ብርጭቆ፣ ኤሌክትሮኒክስና የጋዝ ሲሊንደር ክልክል ናቸው፤ የሸክላ ዒላማም ከጎን ሜዳው ውጭ ክልክል ነው። የመጣ ሁሉ የተኮሰበትን ነገር ይዞ ይመለሳል።

ዓርብ፣ የማስታወቂያው ሰሌዳ

ሰሌዳው ተሰቀለ። የት እንደሚሰቀል ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ የመኪና ማቆሚያው ላይ ሳይሆን የተኩስ መስመሩ ላይ፣ ተኳሹ ጀርባውን በሚሰጥበት በኩል አደረግነው። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው በዚያው ሳምንት ይቆጠር ነበር። የእግር መንገዱ በስተጀርባ እንዲዘጋ ባለቤቱ ተስማምተዋል፤ የአጥሩን ሥራ አዛውንቱ ይዘውታል። የአፈር ምርመራው ውጤት ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።